የገዛነው ፊልም ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ስልካችሁ ላይ «ግዛ» የሚለውን ተጭናችሁ አንድ ፊልም ገዛችሁ እንበል። ገንዘቡ ከካርዳችሁ ተቆርጧል። ፊልሙም ከገዛችኋቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልታዩት ስትሉ ግን የለም። ማንም አልሰረቃችሁም፤ ስልካችሁም አልተበላሸም። ፊልሙ ከመጀመሪያውም የተቆለፈ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሌላ ወገን ነው፤ እሱም መስጠቱን አቆመ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከበራችን መቆለፊያ መጀመር ይሻላል። የብረቱና የዲጂታሉ ቁልፍ ከምናስበው በላይ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ፤ ኪሳችንን የሚነካውም እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብረት ላይ የተጻፈ ቁጥር

አብዛኛው የቤት መቆለፊያ ውስጡ ትናንሽ የብረት ዘንጎች አሉት። ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነው። የታችኛው ክፍል ቁመት ከዘንግ ዘንግ ይለያያል። ከላይ ደግሞ ሞላ ወደታች ይገፋዋል። ቁልፍ ካልገባ ዘንጎቹ በሚዞረው ሲሊንደርና በማይንቀሳቀሰው ማቀፊያው መካከል ተሰንቅረው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሱታል። የሁሉም ዘንጎች መከፈያ አንድ መስመር ላይ ሲሰለፍ ሲሊንደሩ ይላቀቅና በሩ ይከፈታል። አንዱ ዘንግ ብቻ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይሆንም።

ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው። በጥንታዊት ግብፅና በመስጴጦምያ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ የእንጨት መቆለፊያዎች ነበሩ። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ትንሹ ነው። በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ወስደን የምናስቀርጸው ጠፍጣፋ ቁልፍ ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የቁልፉ ብረት ራሱ ምንም ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው የጥርሶቹ ቁመት ነው፤ ያ ደግሞ ቁጥር ነው። አምስት ዘንግ ያለው፣ እያንዳንዱ ዘንግም ስድስት ዓይነት ቁመት ሊኖረው የሚችል መቆለፊያ ብንወስድ፣ ሊኖሩ የሚችሉት የተለያዩ ቁልፎች 7,776 ናቸው። ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን ሲያስነሳ የሚያደርገው ባለአምስት አሃዝ ቁጥር ከአንድ ብረት ወደ ሌላ መገልበጥ ነው።

ይህ ጨዋታ አይደለም። በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች 60 ሜትር ገደማ ርቀው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ፎቶ አነሱ። ከፎቶው ላይ ብቻ የጥርሶቹን ልክ በኮምፒውተር አወጡት። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ወይም አዲስ ቤት የገባችሁ ሰዎች፣ ደስታችሁን ስታካፍሉ የቁልፉን ጥርስ ፌስቡክ ላይ አታውጡት። እንኳን ደስ ያላችሁ ለመባል የበሩ ፎቶ ይበቃል።

ስለ መቆለፊያ ካወቅኳቸው ታሪኮች ሁሉ የማልረሳው የ1851ዱን ነው። ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበት መቆለፊያ ነበረው። ድርጅቱ በ1790 ለንደን ፒካዲሊ በሚገኘው ሱቁ መስኮት ላይ አንዱን አስቀመጠ። ያለ ቁልፉ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) እንደሚሰጥም ጻፈበት። 60 ዓመት አለፈ፤ ማንም አልከፈተውም። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ሰሞን አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የመቆለፊያ ባለሙያ መጣ። መጀመሪያ የታወቀውን የቸብ መቆለፊያ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተ። ቀጥሎ የብራማን ያዘ። በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ሠርቶበት ከፈተው።

እንግሊዞች ደነገጡ። አንዳንዶች ሆብስን «ለሌባ ትምህርት ሰጠህ» ብለው ወቀሱት። የእሱ መልስ በአጭሩ፣ ሌቦች ሙያቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ድክመቱን ያላወቀው መቆለፊያውን የገዛው ምስኪን ነው የሚል ነበር። እኔ ከሆብስ ጎን ነኝ። ደካማ መቆለፊያ የያዘ ሰው ደካማ መሆኑን የማወቅ መብት አለው።

በ1883 ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ ምሁር ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢራዊ መልእክቶች ሲጽፍ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መመሪያ ቀየረው። አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅም ጉዳት ሊኖረው አይገባም አለ። ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። መቆለፊያው እንዴት እንደሚሠራ ዓለም ሁሉ ቢያውቅ፣ ቁልፉ የሌለው ሰው ግን አሁንም በሩ ላይ መቆም አለበት።

ለገዢው ሰጥቶ ከገዢው መደበቅ

ዲጂታል ቁልፍ ያው ቁጥር ነው፤ በጣም ትልቅ ቁጥር። ፋይሉን ከቁጥሩ ጋር በቀመር አደባልቀን ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ እናደርገዋለን። ቁጥሩን የያዘ ሰው መልሶ ያስተካክለዋል። ይህ ምስጠራ ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ባለ128 ቢት ቁልፍ (128 ዜሮና አንዶች ተደርድረው የሚጻፍ ቁጥር)፣ ሊኖሩ የሚችሉት ዓይነቶች ብዛት 39 አሃዝ ባለው ቁጥር ነው የሚጻፈው። የበራችን 7,776 ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የቀመሩ አሠራር ለሁሉም በግልጽ ታትሟል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ኬርክሆፍስ እንዳለው ነው።

የባንክ መተግበሪያችሁ የሚሠራው በዚህ ነው። እዚያ ሁለት ወዳጆች አሉ፤ እናንተና ባንኩ። ቁልፉ በሁለታችሁ መካከል ነው። ሌባው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ከውጭ ነው። የበሩም መቆለፊያ እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ፣ ሌባው ውጭ።

የፊልም ኩባንያዎች መቆለፊያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፊልሙን ገዝቶ የሚያየውና ኩባንያው «ገልብጦ ያባዛብኛል» ብሎ የሚፈራው ሰው አንድ ነው። ፊልሙን እንዲያይ ቁልፉ ሊሰጠው ይገባል። እንዳይገለብጥ ደግሞ ቁልፉ ሊደበቅበት ይገባል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከዚህ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ተቃርኖ የወጣ ነው።

ዲቪዲን እንውሰድ። በ1996 መጨረሻ ጃፓን፣ በ1997 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ፊልሙ በዲስኩ ላይ ተመስጥሮ ይቀመጣል። እያንዳንዱ የማጫወቻ አምራች የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉም ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ይቀበራል። ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ነበር። አሠራሩም በምስጢር የተያዘ ነበር፤ ኬርክሆፍስ አታድርጉ ያለውን አደረጉ። በ1999 ነገሩ ወጣ። አንድ የኮምፒውተር ማጫወቻ ፕሮግራም ቁልፉን በቅጡ ሳይደብቅ ቀርቶ ነበር። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ኖርዌያዊው ጆን ዮሃንሰን ከሌሎች ጋር ሆኖ መክፈቻውን ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ተከሰሰ። በ2003 የኖርዌይ ፍርድ ቤት ነፃ አለው፤ በይግባኝም ነፃ ወጣ። ፍርድ ቤቱ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ዲስክ መክፈቱን እንደ ወንጀል አላየውም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። በ1998 የወጣው ሕግ፣ ዲስኩ የራስህ ቢሆንም እንኳ ዲጂታል መቆለፊያውን መስበር በራሱ ጥፋት ነው ይላል። ማየት ለተሳናቸው መጻሕፍትን በድምፅ ማስነበብ የመሳሰሉ ፈቃዶች በየሦስት ዓመቱ በልዩ ሁኔታ ይሰጣሉ፤ በየጊዜው እየተለመኑ ማለት ነው።

ዲቪዲ ሌላም መቆለፊያ ነበረው፤ እኛን ከሁሉም በላይ የነካን እሱ ይመስለኛል። ዓለም በቁጥር ተከፋፍላ ነበር። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1 ናቸው። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2 ናቸው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ውስጥ ናት። ከዋሽንግተን ለእህት ወንድም የተላከ የሆሊውድ ዲስክ አዲስ አበባ ላይ «ለዚህ ክልል አይሆንም» ብሎ እምቢ ቢል ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ተገዝቷል፤ ገንዘብ ተከፍሎበታል። ቁልፉ ግን ባሕር አይሻገርም። ክልል የማይመርጥ ማጫወቻ ተፈላጊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዲቪዲ በኋላ የመጣው ብሉሬይ ከዚህ ተምሯል ተባለ። ቁልፉን ወደ 128 ቢት አሳደጉት። በ2007 ግን አንዱ ዋና ቁልፍ ወጣና ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ጠበቆች «ቁጥሩን አጥፉ» የሚል ደብዳቤ በየድረ ገጹ ላኩ። ሰዉ ተቆጣ፤ ቁጥሩን በቲሸርትም በዘፈንም አወጣው። ያን ግዙፍ ቁጥር በግምት ያገኘው ሰው የለም። ቁልፉ የወጣው ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ካለው የማጫወቻ ፕሮግራም የማስታወሻ ክፍል ላይ ነው። ቁልፉን ምንም ብታረዝሙት ገዢው ቤት እስከተቀመጠ ድረስ ያው ነው።

አናሃይም፣ 2009

ኩባንያዎቹ ቁልፉ ከገዢው ቤት መውጣት አለበት ወደሚለው ሐሳብ ሄዱ። ዲዝኒ በዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2009 ዲ23 የተባለ የአድናቂዎች ክበብ አቋቋመ፤ ስሙ ኩባንያው ከተመሠረተበት ከ1923 የመጣ ነው። በመስከረም ወር ደግሞ ካሊፎርኒያ አናሃይም ውስጥ የመጀመሪያውን የክበቡን ትልቅ ጉባኤ አደረገ። በቀጣዩ ወር በጥቅምት፣ ኩባንያው ኪቼስት የሚባል ቴክኖሎጂ እያዘጋጀ መሆኑ ተሰማ።

የኪቼስት ሐሳብ ይህ ነው። ፊልም ስትገዙ ፋይሉን አትገዙም፤ የመክፈት መብት ትገዛላችሁ። መብቱ በአንድ ማእከላዊ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ከየትኛውም ሱቅ፣ በየትኛውም መሣሪያ ብትከፍቱት መዝገቡ «አዎ፣ ገዝቷል» ይላል። ሌሎቹ ትልልቅ ስቱዲዮዎች አልትራቫዮሌት የሚባል ተወዳዳሪ መዝገብ በ2011 ጀመሩ። ዲዝኒ አልገባበትም።

ሐሳቡ ጥሩ ጎን እንዳለው መካድ አይቻልም። ዲስክ ይጫራል፣ ይጠፋል፣ ልጅ ይረግጠዋል። መዝገብ ላይ ያለ መብት አይጫርም። ግን አድናቂ ማለት አንዱን ፊልም በቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎ በዲቪዲ፣ ቀጥሎ በብሉሬይ የገዛ ሰው ነው። አናሃይም ድረስ የሚሄደው እሱ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የሚገባው ቁልፉን በእጁ መስጠት ነበር።

የእንዲህ ዓይነት የአድናቂዎች ጉባኤዎች መግቢያ ባጅ ራሱ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ሳን ዲዬጎ ላይ በየዓመቱ ከ130,000 በላይ ሰው የሚሰበሰብበት ኮሚክ ኮን ከ2016 ጀምሮ ባጁ ውስጥ ቺፕ አስገብቷል። ሰው ሲገባም ሲወጣም መግቢያው ላይ ያስነካዋል። በእንዲህ ዓይነት አሠራር ቺፑ የሚናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው። ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን የሚወስነው ሰርቨሩ ነው። ቁጥሩ ከመዝገብ ከተሰረዘ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ካርቶን ብቻ ይሆናል።

ያው አድናቂ ኪሱ ውስጥ ሌላም ካርድ አለው፤ የሆቴሉን። እሱ በሌላ መንገድ ይሠራል። ብዙ የሆቴል በሮች ከኔትወርክ ጋር አልተገናኙም፤ በባትሪ ብቻቸውን ይቆማሉ። ስለዚህ የትኛው ክፍል፣ እስከ መቼ የሚለውን መረጃ የሚሸከመው ካርዱ ራሱ ነው። አዲስ እንግዳ አዲስ ካርድ ሲያስነካ በሩ የድሮውን ካርድ መቀበል ያቆማል። ድክመቱም እዚያው ነው። በ2024 ተመራማሪዎች ሳፍሎክ በሚባለው የሆቴል መቆለፊያ ላይ ቀዳዳ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ከሆቴሉ አንድ ካርድ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፣ ካገኙ የዚያን ሆቴል በር ሁሉ የሚከፍቱ ጥንድ ካርዶች መሥራት ይቻል ነበር። መቆለፊያው በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሮች ላይ ነበር። ጥገናው ዓመታት የሚፈጀው እያንዳንዱን በር በሰው እጅ ማስተካከል ስለሚያስፈልግ ነው። ሆቴል ስታድሩ የውስጡን ሰንሰለት አትናቁ።

በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መቆለፍ አለ። ኩባንያዎች ገና ያልወጣ ፊልም ቅንጭብ ለአዳራሹ ብቻ ያሳያሉ። ስልክ እንዳይቀርጽ በማግኔት በሚቆለፍ ከረጢት የሚያሽጉበት ዝግጅትም አለ። በ2015 ዋርነር ብራዘርስ ኮሚክ ኮን ላይ ከ6,000 በላይ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ያሳየው ቅንጭብ በስልክ ተቀርጾ ወጣ። ኩባንያው ቅር እንዳለው ገልጾ፣ በጥራቱ እንዲታይ ብሎ ራሱ በይፋ ለቀቀው። ዓይን ሊያየው የሚችለውን ነገር ካሜራም ያየዋል። ይህን የሚዘጋ ቀመር የለም።

ቁልፉ ሲነሳ

ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት ስታዩ የሚሆነው ይህ ነው። ተመስጥሮ የመጣው ፊልም ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። መተግበሪያው የኩባንያውን ሰርቨር «ቁልፉን ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩ ክፍያውን፣ አገሩን፣ የስልኩን ዓይነት ይመረምራል። ካመነ ቁልፉን ይልካል፤ ግን እናንተ በማታዩት የስልኩ የተጠበቀ ክፍል ብቻ በሚከፈት መልኩ ነው። የጎግል ዋይድቫይንና የአፕል ፌርፕሌይ ሥራቸው ይህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ብዙ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይፈታሉ። ኔትፍሊክስ ላይ ስክሪንሾት ስታነሱ ምስሉ ለምን ጥቁር ይሆናል? የተጠበቀው ክፍል ምስሉን ለሌላ ፕሮግራም ስለማያሳልፍ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ኢንተርኔቱ ፈጣን ሆኖ ሳለ ፊልሙ ለምን ድብዝዝ ይላል? ስልኩ ያ የተጠበቀ ክፍል ስለሌለው ሰርቨሩ አያምነውም፤ ዝቅተኛውን ጥራት ብቻ ይሰጠዋል። ዳውንሎድ አድርጋችሁ ያስቀመጣችሁት ለምን «ጊዜው አልፏል» ይላል? ፋይሉ እዚያው ሜሞሪያችሁን ይዞ ተቀምጧል፤ ጊዜው ያለፈው ቁልፉ ነው።

ኪራይ ከሆነ ይህ ተገቢ ነው። በወር እከፍላለሁ፣ ሳቆም ይዘጋል። ችግሩ «ግዛ» ብለው ሲሸጡልን ነው። በሐምሌ 2009 አማዞን ሁለት መጻሕፍትን ከገዢዎች ኪንድል (የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ሰዎቹ ሳይጠየቁ ሰረዘ። መጻሕፍቱን ወደ አማዞን መደብር ያስገባው ወገን የመሸጥ መብት አልነበረውም በሚል ነው። ገንዘቡን መልሷል፣ በኋላም ይቅርታ ጠይቋል፤ ግን እጁ ቤታችን ድረስ እንደሚገባ ታየ። በሐምሌ 2019 አልትራቫዮሌት ተዘጋ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ የመጽሐፍ መደብሩን ዘግቶ ነበር፤ በሐምሌ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ፤ እሱም ገንዘብ መለሰ። በ2023 መጨረሻ ሶኒ ሰዎች በፕሌይስቴሽን የገዟቸው የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች እንደሚጠፉ አስታወቀ። ጩኸት ሲበዛና ውሉ ሲታደስ ሐሳቡን ቀየረ። ውሉ ባይታደስ ኖሮ ገዢው ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

ሙዚቃ ላይ ሌላ መንገድ ታይቷል። አፕል በ2009 ከአይቲዩንስ ሱቁ በሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ የነበረውን መቆለፊያ አነሳ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የተገዛ ዘፈን የሌላ ኩባንያ ማጫወቻ ላይም ይከፈታል። የሙዚቃ ገበያው በዚህ አልፈረሰም። ፊልሞቹ ግን እስከ ዛሬ ተቆልፈዋል።

ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አወጣች፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ይሠራል። ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነና መልሶ ሊወስደው የሚችል ከሆነ፣ ይህንን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከአዝራሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቧት።

ሌላ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት። ኢንተርኔቱን አጥፉ። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጡና ከመተግበሪያው ውጭ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ከተከፈተ ቁልፉ እናንተ ጋ ነው። እምቢ ካለ የተከራያችሁት ነው፤ ዋጋውን እንደ ኪራይ መዝኑት።

አገር የምትቀይሩ ሰዎች በተለይ ተጠንቀቁ። የገዛችሁት ነገር ከአካውንታችሁ ጋር ታስሯል፤ አካውንቱም ከአገርና ከስልክ ቁጥር ጋር። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አሜሪካ ስትሄዱ የመደብሩን አገር ከመቀየራችሁ በፊት የገዛችሁትን ሁሉ መሣሪያችሁ ላይ አውርዱ፤ አዲሱ አገር መደብር ውስጥ ፊልሙ ከሌለ እንደገና ላታገኙት ትችላላችሁ። የድሮውን ሲም ከመጣላችሁ በፊትም የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበትን ቁጥር ቀይሩ። ከዚያ በኋላ ለመቀየር ኮዱ ወደ ጣላችሁት ሲም ይላካል።